ጭብጨባ የቀደመው ቃል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ምን ያህል ይሆናል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር አርሊስ ትቬት ትመጣብኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ኖራ ከሰው የፈለገችው አንድ ትንፋሽ ዝምታ ነበር፤ እሱንም ሳትጠግበው ተነጠቀች።

አርሊስ እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ የልጆቻችንን ድምፅ ስትገራ የኖረች የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ኦሪን ላሞቹን ሸጦ በረቱን ከዘጋ ወዲህ ከሰው ተገለለ። ቤቱ ሄዳ ስትጠይቀው፣ ደህና ነኝ ይልና ስለ ብርዱ ያነሣባታል። በእኛ ዘንድ ሰው ስለ ልቡ ሲጠየቅ ስለ አየሩ ይመልሳል፤ ጠያቂውም ይህን እንደ ጨዋነት ይቆጥርለታል።

እሷንም በወጣትነቷ ድባቴ አልጋ ላይ አስሯት ያውቃል። ለማንም አልተነፈሰችም። ጡረታ ስትወጣ ግን ያንን ዘመን በግጥም ጻፈችው፤ አንዲት ወጣት የዜማ ደራሲም ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የሚሆን ዜማ ሠራችለት። አርሊስ ይህን ያደረገችው፣ በጥያቄ ያልተከፈተው ኦሪን ምናልባት በዘፈን ይከፈት እንደሆነ ብላ ነው።

በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን። ኦሪንም መጥቶ መሐል ተቀመጠ። አርሊስ ከመጀመሯ በፊት ለመነችን፦ "ሲያልቅ አታጨብጭቡልኝ። የሚናገር ካለ ይናገር፤ ከሌለም አብረን ዝም እንበል።"

"ዝም ማለቱን እንኳ እናውቅበታለን" አለ ዝግጅቱን ያሰናዳው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቬርሊን፤ ሰው ሳቀ።

ድምፅዋ አርጅቷል፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ዘፈን፣ ከገበያ ተመልሳ ደጇ ላይ መኪናዋ ውስጥ ስለቀረች ሴት ነበር፤ የገዛችው አይስክሬም ጭኗ ላይ እየቀለጠ የመኪናውን በር መክፈት አቃታት። ፒያኖው ማረፊያ ሳያገኝ ቆመ።

ዝም አልን። ኦሪን የፊቱን ወንበር ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። አፉን ከፈተ። አርሊስ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

ከኋላው የነበረው ቬርሊን ያየው ግን የኦሪንን ጀርባ ብቻ ነው። "ወንድሟ ቆሞ እኛ እንቀመጥ?" ብሎ ብድግ አለና አጨበጨበ። በእኛ አገር አንድ ሰው ለዘፋኝ ከተነሣ መቀመጥ ነውር ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ኦሪን ዙሪያውን ተመለከተ፤ አፉን ገጠመና እሱም ማጨብጨብ ጀመረ። ደግነትም እንደ ክፋት የሰውን አፍ ሲዘጋ ያን ቀን አየሁ።

በኋላ ሰው የሎሚ ኬኩን እየበላ ሲያመሰግናት፣ ኦሪን ወንበር ያጣጥፍ ነበር። ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

"ምን ልትል ነበር?"

"ምንም። ያምራል ልልሽ ነበር።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "በረዶው ዛሬ የሚለቀን አይመስልም።"

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ልመና ይዛ ኮሚቴው ዘንድ ቀረበች። ቬርሊን በፍቅር ነው የመለሰላት፤ ያን የመሰለ ጭብጨባ አግኝተሽ ደግሞ ምን ቀረሽ አላት፤ ሌሎቹም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በጸደይ ሞተች። ኦሪን ዛሬም ስለ አየሩ ያወራል።

ኮሚቴው ዘንድ የቀረበች ዕለት የለመነችው ይህን ነበር፦ "አንዱን ዘፈን ብቻ፣ እሱ ባለበት ልድገመው። እሱ ሲነሣ ግን፣ እባካችሁ፣ እናንተ ተቀመጡ።"