የጎጆዋ አራት ጎማዎች

ባለፈው ሳምንት አሮጌ ብረት የሚገዛ አንድ ጎረምሳ ወልድያ ካለው ግቢያችን ገባና በቀጥታ ወደ ጎጆዋ ሄደ። ጎጆዋ የምንላት ከአጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ሥር፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን የመኪና ቀፎ ነው። በዘመኗ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ሰው የሚያድርባት መኪና ነበረች። ዛሬ የባለቤቴ የየሺ ዶሮዎች ያድሩባታል፤ ከእኔ ይልቅ በጊዜ ስለሚገቡ የሺ በእነሱ ደስተኛ ናት።

ጎረምሳው ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ዝገቱን በጥፍሩ ፋቀ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባዶዎቹን ቸርኬዎች በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

"አባባ፣ ጎማዎቹስ የታሉ?"

"አለቁ።"

"ቢያልቁም እኮ አሮጌ ጎማ ይተርፋል። የት ሄዱ?"

እውነቱን ነው፤ ጎማ እንደ ሳሙና ሟሙቶ አይጠፋም። መልሱ ግን ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ከሮ ነበር፤ ሰማንያን ለማንኳኳት እጁን ያነሳ ሰው ደግሞ ቆሞ ታሪክ አያወራም። "ነገ ተመለስ" ብዬ ሸኘሁትና ከበረንዳው ተቀመጥኩ። እሱ ሄደ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ተቀመጠ።

ጎጆዋ እጄ በገባችበት ጊዜ ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ጠጉሬን በቅቤ አብርቼ የማበጥር ጎሚስታ ነበርኩ። ቅቤውን ማንም አላሸተተውም፤ የግራሶው ሽታ ይቀድመው ነበር። የምሠራው ከወልድያ ወደ ደሴ መውጫ ባለው በጋሽ ውብሸት ጋራዥ ነው። እኔ ራሴን መካኒክ እል ነበር፤ ከተማው "ሞላ ጎማ ነፊው" ይለኝ ነበር፤ ከተማው ትክክል ነበር።

መኪናዋን ያመጧት ከአስመራ በኩል የወረዱ ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው። ሞተሯ ወልድያ ላይ አልሄድም አለ። መለዋወጫ ሲጠብቁ በልጉ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ቁንጫው ለመዳቸው፤ በመጨረሻ መኪናዋን ለጋሽ ውብሸት ትተው በአውቶቡስ ሄዱ። ጋሽ ውብሸትም ዓመት ሙሉ ሲሰናከሉባት ኖረው አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ሞላ፣ ይቺን ነገር ከደጄ አንሳልኝ። መኪና እንዳልላት አትሄድ፤ ቤት እንዳልላት ኪራይ አታስገባ።"

እንዲህ ባለንብረት ሆንኩ። ሞተሯን ከዚህም ከዚያም በለቀምኩት ዕቃ ቀስቅሼ አስነሳኋት። ከዚያ ወዲህ ነው ድካም ምን እንደሆነ የገባኝ። አንዱን ስጠግን ሌላው ይታመማል፤ ፍሬኑ ሲይዝ ባትሪው ይሞታል፤ ባትሪው ሲነሳ ኩሽኔታው ይጮኻል። ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ላይ የሚከፈት ሸራ ነበረው፤ ሸራው ያፈሳል። በሰም ለበጥኩት፣ አፈሰሰ። በሬንጅ ለበጥኩት፣ ሬንጁ በበጋ ትራሴ ላይ ተንጠባጠበ። በመጨረሻ የተለወጥኩት እኔ ነኝ፤ በማያፈሰው ጥግ እንደ ድመት ተጠቅልሎ መተኛት ተማርኩ።

የሺን ያወቅኋት በጎማ ምክንያት ነው። አባቷ አያ ሸጋው በመርሳ ገበያ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ እየቆረጡ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። የጋራዡን ውዳቂ ጎማ በጭነት መኪና ላይ ጭኜ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። የሐብሩ ቆላ ሙቀት፣ የሚቆረጠው ላስቲክ ሽታና የየሺ ፓፓያ አንድ ላይ ናቸው እስከ ዛሬ የሚመጡብኝ፤ ከአባቷ አጠገብ ፓፓያ ትሸጥ ነበር። እኔም ሆዴ እስኪነፋ ገዛሁ። አንድ ቀን የፍቅር ሳይሆን የፓፓያ ሕመም ሊገድለኝ ሲል ልቤን ነገርኳት።

"ቤት አለህ?" አለችኝ።

"አለኝ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መስኮቱ በየጎኑ ነው።"

"የት ሰፈር?"

"አንቺ የፈለግሽው ሰፈር።"

ሳቀችና ሳቋን መልሳ ዋጠችው። "ቤቱ እንዲህ የሚዞር ከሆነ ባልየው የት ሊገኝ ነው?" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከሐራ የበሬ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ልኳል። አባቴ ገና መልስ አልሰጡም። የምትልክ ከሆነ አትተኛ" አለችኝ።

አልተኛሁም፤ ግን ጎጆዋ ያለ ጎማ እንዴት ትሂድ? ፈረንጆቹ የተዉላት ጎማ ሁሉ ሲሞት፣ መላጣ ሆኖ የቀረ አንድ ተቀያሪ ብቻ ነበር። የእሷ ቁጥር ደግሞ ለጭነት መኪና ያንሳል፣ ለታክሲ ይበልጣል፤ ማንም ሱቅ አያስቀምጠውም። ስፈልግ ስፈልግ አንድ ነጋዴ ዘንድ አራት አገኘሁ፤ ጥርሳቸው ረጅም፣ ጥቁረታቸው የሚያበራ። ጋሽ ውብሸት አይተው፣ "ጥርሱን አትይ፣ ሆዱን ገልብጠህ እይ" አሉኝ። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ፈረስ በጥርሱ እንደሚገዛ ነው ያደግኩበት። ጥርሱን አየሁና ወሰድኩ።

በግንቦት ሽማግሌዎቼን ጫንኩ፤ ጋሽ ውብሸትን፣ ቄሱን መምሬ ካሣንና የጎረቤታችንን ሼህ ይመርን። በእኛ አገር ቄስና ሼህ አንድ ላይ ከመጡበት እምቢ ማለት ይከብዳልና ሁለቱንም ለመንኩ። ሦስቱ አልጋዬ ላይ ተደርድረው፣ ነጭ በነጭ ሆነው ተቀመጡ። ደንቡ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ይላል፤ ጎጆዋን ከእኔ በቀር የሚያስነሳት ስለሌለ ደንቡን በሹፌርነት ዘለልኩት።

ሲሪንቃን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ከሥራችን አንድ ነገር ጮኸ።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ማነው የተኮሰ?" አሉ ሼህ ይመር።

ወርጄ አየሁ። የኋላው ጎማ ጥርሱን እንደ ልጥ ልጦ መንገዱ ላይ ጥሎታል። ለካ ያረጀ ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ ለጥፈውበት ኖሯል። (ዛሬ የኔም አፍ እንደዚያው ስለሆነ በጎማው አልፈርድም።) መላጣውን ተቀያሪ አስገባሁ። ጋሽ ውብሸት የተላጠውን አንሥተው ወደ ውስጥ ወረወሩት፤ "ለአያ ሸጋው እጅ መንሻ ይሆናል" አሉ፤ መምሬ ካሣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

መርሳ ደርሰን አያ ሸጋው ደጅ ስንቆም እኔ መጋረጃውን ሁሉ ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ፤ እንዳልታይ። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ሥር ቆሙ።

"ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?" ሲሉ ሰማሁ አያ ሸጋው።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ መምሬ ካሣ። "ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው። ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ቤትም አለው።"

"ቤቱ የት ነው?"

ከዚያ ሼህ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እነሆ" አሉ።

የአያ ሸጋው ኮቴ ወደ እኔ ሲመጣ ሰማሁ። ጫማ ሠሪ ናቸውና ጣሪያውን አላዩም፣ መስኮቱን አላዩም፤ ቁጢጥ አሉ። የቢላቸው እጀታ ጎማውን ሲመታ ድምፁ በአልጋው አልፎ ጀርባዬ ድረስ ደረሰ።

"ይሄ መላጣ። ይሄ የተለጠፈ። ይሄም የተለጠፈ። ይሄ ደግሞ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ከአራቱ አንድ ጥንድ በረባሶ አይወጣም።" ከዚያ ልክ ከጆሮዬ ትይዩ ቆርቆሮውን ኳ ኳ አደረጉት። "አንተ መጋረጃ ውስጥ ያለኸው! ልጄን በዚህ ልትጭናት ነው?"

"አያ ሸጋው፣ እኔ እንኳ…"

"ዝም በል! አንተ እዚህ የለህም።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሌለሁበት ቀን የለም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ፍርዱን ሰጡ፦ "ሰዎቹን አከብራለሁ። ከመስቀል በኋላ ተመለሱ። ቢላዬን ላሳርፍበት የምሳሳለትን ጎማ አራት አድርጎ ከመጣ ልጄን እሰጣለሁ። ካልሆነ የሐራው ይወስዳታል።"

ያንን ክረምት የኖርኩት ጭቃ ውስጥ ነው። የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጎማ ዝናብ ላይ ተኝቼ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፤ ዋጋውን ስጠየቅ "ከመንገድህ ይሄን ቁጥር ፈልግልኝ" እላለሁ። አንዱ ከአሰብ አመጣልኝ፤ ጨው የበላው ነበርና መለስኩት። ሌላው ከደሴ አመጣ፤ ሆዱን ገልብጬ አየሁ፣ በጥፍሬ ተጫንኩት፣ አሸተትኩት፣ ያዝኩት። ጀርባዬ ቀጥ ማለት ረሳ። ብርድ ገብቶኝ የምበላው ሽሮ እንኳ ጎማ ጎማ ይለኝ ጀመር። አንድ የአስመራ ሹፌር ያመጣልኝን ሦስተኛ ጎማ ስመልስበት ተናደደ።

"አንተ፣ ጎማ ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጠው?"

"ሁለቱንም ነው ወንድሜ፤ አንዱን ከሳትኩ ሁለቱም ይቀራሉ።"

በመስከረም ወር አራቱ ጎማዎች ሞሉ። አራቱም የተለያየ አገር ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ስለሚል ጎጆዋ እንደ ጠጅ ጠጪ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ግን ሆዳቸው ንጹሕ፣ ሥጋቸው ሙሉ ነበር። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹን ጭኜ ወረድኩ። ማሽላው አሽቷል፤ ሼህ ይመር ከመንገድ የገዙትን ጥንቅሽ መስኮት ከፍተው ይመጥጣሉ፤ እኔ ደግሞ በየኮረብታው ጆሮዬን ወደ ታች ጥዬ እነዳለሁ። ምንም አልጮኸም።

አያ ሸጋው ደጅ እንደ ገና መጋረጃ ውስጥ ገባሁ። እንደ ገና ቁጢጥ አሉ። አውራ ጣታቸው በላስቲኩ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ቢላው ከሰገባው ወጣ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቢላው ወደ ሰገባው ሲመለስ ሰማሁ።

"ይሄንንስ መቁረጥ ኃጢአት ነው" አሉ። "ግቡ፣ ተቀመጡ። አንተም መጋረጃውን ክፈትና ና፤ አሁን አለህ።"

የሺና እኔ ትዳር የጀመርነው በጎጆዋ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋ ልጃችን ዳዴ ያለችው ከመሪው እስከ ምድጃው ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ አሁን በማያፈሰው ጥግ የሚተኙት የሺና ልጅቷ ነበሩ። ከእኔ በቀር እነዚያን ጎማዎች ማንም አይነፋም፣ ማንም አያጥብም ነበር፤ የሺ "ከእኔ ፊት የእነሱን ፊት ታጥባለህ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀረ፤ በስድሳ ስድስትም መንገዱ በሰው ተሞላ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም፤ ያየው ያውቀዋል። አንድ ማለዳ አያ ሸጋው ከመርሳ መጡ፤ ቢላቸውንና ወስፌያቸውን በከረጢት ይዘዋል። ውሃ ጠጡና ከጎጆዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መንገዱን አዩ፤ ከዚያ ጎማዎቹን አዩ።

"ሞላ፣ ክሪክ አለህ?"

ገባኝ። ከአፌ የወጣው ግን ክርክር ነበር። "አያ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት እህል ነው እንጂ ጫማ ነው?"

"እህል የለኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ያለኝ ቢላ ነው። ገበያው ውስጥ አሮጌ ጎማ አልቋል። ደሴ እርዳታ አለ ብለው በዚህ ኮረኮንች መንገድ በባዶ እግር ይሄዳሉ።"

የሺ ልጃችንን አዝላ ከጎጆዋ ወጣች፣ ፍራሹን አወጣች፣ ምድጃውን አወጣች። እኔም ክሪኩን አመጣሁና በገዛ እጄ አነሳኋት፤ ድንጋይ አስገባሁ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። አያ ሸጋው የመጀመሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቢላቸውን አሳረፉበት። እጃቸው ቆመ። "ይቅር በለኝ" አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቆረጡ።

እንዳልኩት በማግስቱ ያ ብረት ገዢ ጎረምሳ ተመለሰ። ጎማዎቹ የት እንደሄዱ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሽማግሌው ቃዠ ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ አነበብኩ፤ እኔም ብሆን በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የማስበው። ጎጆዋን እንደማልሸጥ ስነግረው የሺ ከውስጥ ሆና፣ "ታዲያ ዶሮዎቼስ የት ሊያድሩ?" አለች፤ ጉዳዩ በዚያ አለቀ።

አሁን ጉልበቴ እንደ ድሮው ኩሽኔታ ይጮኻል፤ ቅባት የሚያስገባለት ጎሚስታም የለም። ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባዶዎቹን ቸርኬዎች አያለሁ። ከእነዚያ ጎማዎች የተቆረጡት በረባሶዎች የትኞቹ ደሴ እንደደረሱ፣ የትኞቹ መንገድ ላይ እንደቀሩ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ክረምት ጭቃ ውስጥ ተኝቼ የመረጥኳቸው ሩቅ እንዲሄዱ ነበር።