መስኮት ደፍ ላይ ያደረው መድኃኒት

አራት ነን፦ እኔ፣ ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ይዟት ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የተኛችው ልጄ፣ አብሮኝ የታሰረ ወጣት ነርስ፣ እና ጠባቂያችን። ስም አልጽፍም።

ጎረቤላ ከተማ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ስፈለግ ቆይቼ፣ ከአዲስ አበባ የልጄን መድኃኒት ይዤ ስመለስ ኬላ ላይ ተያዝኩ። ያስገቡኝ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ግድግዳው በትንፋሽ ረጥቧል።

በበረዶ ሳጥኔ ውስጥ ስድስት ጠርሙስ ነበር። የልጄ ሰውነት የገዛ ጡንቻዋን ያጠቃል፤ ከጤነኞች ደም የተዘጋጀው ይህ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥሯ ሲንጠባጠብላት ጉልበቷ ይመለሳል። በማግስቱ ካልወሰደች መዋጥ ያቅታታል፤ ቀጥሎ መተንፈስ።

ማምሻው ላይ የሳጥኑ በረዶ ቀለጠ። ጠባቂውን ጠራሁት።

«ደጅ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጥልኝ። የእኛ አገር ብርድ ከፍሪጅ ይበልጣል።»

ነርሱ ከጥግ ተነሳ። «ጋሼ፣ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ዛሬ ውርጭ ይጥላል።»

«አንተ የየት አገር ሰው ነህ?»

«አረርቲ።»

«የቆላ ሰው ስለ ብርድ ሊያስተምረኝ!»

ሰዎች ሳቁ። ነርሱ ተቀመጠ፤ ጠባቂው ጠርሙሶቹን ደጅ አወጣ። እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላት ብቻዬን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን አንብቤ፣ «በረዶ እንዳይሆን» የሚለውን ቀጣዩን መስመር ትቼው ነበር።

ጠዋት ጠርሙሶቹ በረዶ ሆነው ተገኙ። ጠባቂው ፀሐይ ላይ አቆያቸው። ሟሙ፤ እንደ ውሃ ጠሩ።

«አባባ፣ ተመለሰ እኮ» አለኝ ጠባቂው። « እኔ አደርስላታለሁ። ማን ያውቃል?»

ነርሱን አየሁት። አልተሳለቀብኝም። «ተበላሽቷል ጋሼ። ይጎዳታል» አለ ብቻ።

በእጃችን ሌላ መድኃኒት እንደሌለ አውቃለሁ። እስክሪብቶ ለምኜ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ፦ «በእኔ ትእዛዝ በረዶ ሆኖ አድሯል። እንዳይሰጣት። አባቷ።» ፈረምኩበት። ሐኪሞቹ ሌላ እንዲፈልጉላት ጠባቂው ይዞት ሄደ። ከዚያ የሳቁት ሁሉ እየሰሙ ነርሱን ይቅርታ ጠየቅሁት። በልጄ ዕድሜ ያለን ሰው ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛሬ ልጄ ትራመዳለች፤ ደረጃ ስትወጣ ግን መሐል ላይ ታርፋለች። እኔም ታናናሾቼ ሲናገሩ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። በሽምግልና ዕድሜ ይህን መማር አያኮራም።

ያን ዕለት አለመስማቴ ያስከፈለን ይህ ነው፦ ስድስት ጠርሙስ መድኃኒት፣ ለእስረኛ ተላልከሃል ተብሎ የተባረረው ጠባቂ እንጀራ፣ ሌላ መድኃኒት ተገኝቶ እስኪሻላት ልጄ በማሽን የተነፈሰችባቸው አሥራ ሰባት ቀናት።