ፏ ሊያመጣ የሄደው ዲስክ

ልጅ እያለሁ ኮምፒውተር ሆዱ የማይሞላ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲደርስ በቃኝ የሚል፣ የእኛን ፊደል እንኳን ችሎ መያዝ የሚያቅተው ዕቃ ኖሯል! ይህን ያወቅሁት በደርግ ዘመን፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መካኒሳ በሚገኝ የአንድ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። 

ቤታችን ጎፋ ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ የዚያ ቢሮ ታይፒስት ነበረች። ስድስት ወር ውጭ አገር ተልካ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ በሌላ ዓይን ያያት ጀመር። ያልተደነቀችው እማዬ ብቻ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ስለሚል፣ "ሴት ልጅ ብቻዋን ባዶ ቢሮ አትገባም" ብላ እኔን ካላስከተለች አትለቃትም ነበር። እኔም ታላቅ እህቴን እንድጠብቅ በመሾሜ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በእግራችን ወደ መካኒሳ ስንወርድ፣ በውይይት ታክሲ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አስቁሜ "ኮምፒውተር ላይ ነው የምሄደው!" ብለው ደስ ባለኝ። መንካት እንዳልተፈቀደልኝ ግን አልነግረውም።

ክፍሉ የሞቀ አቧራና የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ይንቀሳቀሳል፤ ማተሚያው ሲነሳ ጆሮ እስኪያሳክክ ይጮኻል፤ ወረቀቱ ደግሞ ግራና ቀኙ የተበሳሳ፣ እየተጣጠፈ የማያልቅ ነው። እታለም ኮምፒውተሩ አማርኛ አሰካክቶ እንዲያትም የሚያደርገውን ፕሮግራም ራሷ ትጽፍ ነበር። ጣጣው ያለው ፊደላችን ላይ ነው። "የእንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ነው፣ የኛ ከሁለት መቶ በላይ። እያንዳንዱ በነጥብ በነጥብ ተስሎ ሚሞሪው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሚሞሪ ማለት ማሽኑ ሲሠራ ዕቃውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ በይው፤ የዚህኛው ጠረጴዛ ደግሞ ጠባብ ነው" አለችኝ። ሁሉንም ፊደል ስትጭንበት ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቀጥ ይላል። አጥፍቶ ከማብራት በቀር መላ የለውም።

አለቃዋ ቀን ቆርጠውላታል። ስለ ምንጭ ውኃ አያያዝ ለገበሬዎች የሚታደለው ባለ አራት ገጽ ትንሽ መጽሐፍ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሰኞ በአማርኛ ከዚያ ማሽን ካልወጣ፣ ማሽኑ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ እሷም ወደ ታይፗ ትመለሳለች። 

መጀመሪያ ደማቁን ፊደል ቀነሰች፤ አልበቃም። ትልልቁን ቀነሰች፤ አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ እልህ ይዟት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጡትን ፊደሎች ጠራርጋ አወጣቻቸው። ማተሚያው ያለማቋረጥ እየጮኸ አራቱንም ገጽ ሲተፋ ተቃቅፈን ዘለልን! ከዚያ ማንበብ ጀመርን። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ፏፏቴ" መሆን የነበረበት ቦታ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ቴ ብቻዋን ቆማለች። እታለም ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

እኔ ደግሞ አነሳሁት። እኛ ደብተር የምንሸፍነው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነጭ ወረቀት ከየት ይገኛል? የሳይንስ ደብተሬን ለበድኩበትና ትምህርት ቤት ስጎርርበት ሰነበትኩ።

አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከመሳቢያ እያነሳ፣ ቃል እየሠራ፣ ገጽ ሲያሰናዳ ኖሯል። የጣቶቹ ጫፍ ጥቁረት በሳሙናም አይለቅም ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ሲወራ ጋዜጣውን ይገልጣል። ሐሙስ ማታ እንደ ልማዱ የቤት ሥራዬን ሊያይ ደብተሬን አነሳና ዓይኑ ሽፋኑ ላይ ቀረ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"ይቺ ቴ ብቻዋን እዚህ ምን ትሠራለች?"

እኔ ምስጢር መያዝ አልችልም፤ ያለውን ሁሉ ዘከዘክሁት። ከጓዳ የወጣችው እታለም በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

"አባባ፣ ቦታ አይበቃማ! ሁሉንም ከጫንኩበት ቀጥ ይላል" አለችው።

"ሁሉንም ጫኚበት ማን አለሽ? እኔስ ሁሉንም ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነው የምለቅመው?" ወደ እኔ ዞረ። "ቆርኪሽን አምጪው።"

ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ተጫውቼ ያሸነፍኩት አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቆርኪ ነበረኝ። እየከፋኝ አመጣሁለት። ጥቂቱን ደረቱ ሥር ደረደረ። "እነዚህ ነ፣ ው፣ በ፣ ት፣ ን ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስለምፈልጋቸው እጄ ሥር ናቸው።" የቀረውን ከነቆርቆሮው ቡፌው ላይ ሰቀለው። "ይኸ ከጀርባ ያለው ቁምሳጥን ነው። ፏ ስትመጣ ተነስቼ ሄጄ አመጣታለሁ። ደግማ ልትመጣ ስለምትችል ደግሞ ቶሎ አልመልሳትም፣ አጠገቤ ትቆያለች። ጠረጴዛው ሲሞላ ብዙ ጊዜ ያልነካኋትን አንስቼ እመልሳለሁ። በቃ።"

እታለም አፏን ከፍታ ቆርኪዎቹን ታያለች። ድንገት፣ "ዲስኩ! ቁምሳጥኑ ዲስኩ ነው!" ብላ ስትጮህ እማዬ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ሁሉም ፊደል ማሽኑ ዕቃውን በሚያከማችበት ዲስክ ላይ ይተኛ፤ ሚሞሪው ውስጥ የሚገባው የሚፈለገው ብቻ ይሁን። አባቴን አገላብጣ ሳመችው። እኔም ለምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባኝ እየዘለልኩ እጮህ ነበር።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፕሮግራሙን ስትጽፍ ዋለች። ቅዳሜ አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ አብሮን መጣ። እታለም፣ "አንቺ ነሽ የምትጫኚው" አለችኝ። እኔ! ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ ቁልፉን ተጫንኩ። አንደኛው ገጽ ወጣ። ሁለተኛው ተጀመረ፣ ወርዶ ወርዶ መሐል ላይ ቆመ። ጸጥ አለ። እታለም አፏን በእጇ ያዘች። ያኔ የዲስኩ ቀይ መብራት በራና ውስጡ ግርርር ማለት ጀመረ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ላጠፋው እጄን ስሰድ አባቴ ያዘኝ።

"አትንኪው፤ ሊያመጣ ነው የሄደው" አለኝ በእርጋታ።

አመጣት! ፏ ወረቀቱ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ወዲያው ተከተለች፣ ለእሷ ዲስኩ አልተነሳም፤ ከዚያ ቴ። እንዴት እንደጮህኩ! ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሮጦ ገባና "ምን መጣ?" ሲለኝ "ፏ!" አልኩት። አራቱም ገጽ አንድም ባዶ ሳጥን ሳይኖርበት ወጣ። እታለም እየሳቀች ታለቅሳለች። ሰኞ የአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፤ ማሽኑም እሷም ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ሁለተኛውን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከቶ ነበር። እኔ ለአፌ ጠባቂ የለኝም። "አባባ፣ እንግዲህ አንተን ማን ይፈልግሃል?" አልኩት። እታለም ቆነጠጠችኝ። እሱ ኪሱን ዳበስ አደረገና፣ "አካሄዱን አላየሽም? አካሄዱ እኮ የኔ ነው" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእሱም ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደሎቹን አስወገደ፣ አባቴም ጡረታ ወጣ። እጁ ከዚያ በኋላ ነጣ፤ እኔ ግን ጥቁሩን ነበር የምወደው።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ዛሬ የእጅ ስልኬ ያኔ ያየኋቸውን ማሽኖች ሁሉ ጠቅልሎ ይውጣል፤ ፊደል ሁሉ በእጁ ነው፣ ምንም ሊያመጣ የሚሄድ የለም። "ፏፏቴ" ብዬ ስጽፍ ከጣቴ ቀድሞ ይደርሳል። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ፏ ላይ ስደርስ ጣቴን አንስቼ ትንሽ እጠብቃለሁ፤ አባባ ሄዶ እስኪያመጣልኝ።