የባቄላው ማሽን

አሳታሚዬ ሰሞኑን ደውሎ «ለአዲሱ እትም ስለ ራስዎ አንድ ገጽ ይጻፉልን» አለኝ። መጽሐፎቼ የሚያስተምሩት ኮምፒውተርን በራሱ በማሽኑ ቋንቋ፣ አንድ በአንድ ማዘዝን ነው። አንባቢያቸው ጥቂት ነው፤ እኔም ደክሞኛል። መካነ ሰላም ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ ጭጋጉ ከመስኮቱ አይነሳም፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። የት እንደተወለድኩ ጽፌ ተውኩት። እጄ ወደ ሌላ ነገር ሄደ።

በወጣትነቴ ትምህርቴን አቋርጬ ደሴ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋር እሠራ ነበር። የማሽን ቋንቋን የተማርኩት እዚያ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው። ይህን ለኩራት አልናገረውም። ብቻውን የሚማር ሰው አንዱን ነገር ለማወቅ ብዙ ይንከራተታል።

በዚያ ሰሞን ዓረብ አገር ያሉ የከላላ ልጆች አዋጥተው ለቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተሮች ላኩ። የሚያስተምር ስላልነበረ ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ ይመር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፉባቸው። ወሬውን ሰምቼ ላስተምር ከደሴ ወደ ከላላ ተነሣሁ። አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር፤ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ትኩስ ድንች በልቼ ቀጠልኩ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

«መጀመሪያ ዕቃውን ሳትነካ ማስተማር እንደምትችል አሳየኝ» አሉኝ አቶ ይመር። «የወላጅ ኮሚቴው ባለበት። ካልሆነ ወረዳው ይውሰዳቸው።»

ካገኘኋቸው ተማሪዎች ሁሉ ፈጣኗ ዘሃራ ነበረች። እናቷ ገበያ ላይ እህል ትሸጣለች፤ የምትሰፍረው ዘሃራ ናት። እናቷ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ያ ክፍል ከተከፈተ ትማር። ካልተከፈተ እህቷ ዘንድ ጅዳ ትሄዳለች። ደላላው እየጠበቀን ነው።»

ኮምፒውተር ስላልነበረን ማሽኑን ከሰው ሠራሁት። ተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር የሚይዝ ሣጥን ናቸው፤ ቁጥሩ ጣሳ ውስጥ ያለ ባቄላ ነው። እኔ ትዕዛዝ አነባለሁ፣ ባቄላው ከጣሳ ወደ ጣሳ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ዘሃራ ድምሩን ታስረክበኛለች። «የተባላችሁትን ብቻ አድርጉ» እላቸው ነበር። «አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ማሽን ማለት ይህ ነው።» ስንለማመድ አንድም ቀን አልሳትንም።

ቀኑ ደረሰ። የሚደመሩ ሁለት ቁጥሮች ስጠይቅ የኮሚቴው ሽማግሌ ሼህ ሰይድ አምስት አሉ፣ አቶ ይመር ሰባት አሉ። ትዕዛዙን አነበብኩ። ባቄላው ተላለፈ። ዘሃራ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ድምሩን ለሼሁ በሁለት እጇ ሰጠች። ሼሁ መዳፋቸው ላይ ቆጠሩት።

«አሥራ ሦስት!» አሉ እየሳቁ። «ማሻ አላህ፣ ደግ ማሽን ነው!»

አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ጣሳውን እያየሁ ከመጀመሪያው ደገምኩት። እስከ ዘሃራ ድረስ ልክ ነበር። ከዚያ እጇ ከጎኗ ወዳለው ትርፍ ባቄላ ሲሄድ አየሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቲቸር፣ ምርቃት ነው እኮ! ለሼሁ እንደ ገበያው ጭማሪ ሳላደርግ ልሙጡን ልስጣቸው? ወላሂ እናቴ ትገለኛለች!»

«እውነቷን ነው!» አለች እናቷ ከበሩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አቶ ይመር አልሳቁም። «ወንድሜ፣ ሰው ያልታዘዘህ፣ ብረት ይታዘዝልሃል?»

«ብረትማ ይታዘዛል፤ ብረት ሼህ አያውቅም» አልኩ። «ስህተቱንም የት እንዳለ አግኝቻለሁ፤ ትምህርቱ እኮ ይኸው ነው!»

«አብሽር በሉት እንጂ ልጁን» አሉ ሼህ ሰይድ። አቶ ይመር ግን ተነሥተው ወጡ። በሳምንቱ ኮምፒውተሮቹ ወደ ወረዳው ተጫኑ፤ ደብዳቤ መጻፊያ ሆኑ።

ዘሃራ አዝመራው ሳይሰበሰብ ሄደች። መኪናው ጋ ልሸኛት ወጣሁ። «ቲቸር፣ አታስብ» አለችኝ ፈገግ ብላ። «እዚያ የተባልኩትን ብቻ አደርጋለሁ።» መኪናው ይዟት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬዋን አልሰማሁም።

የመጀመሪያው መጽሐፌ ከዚያ አግዳሚ ወንበር የወጣ ነው። የመክፈቻው ምዕራፍ ማሽን ምርቃት አይሰጥም ይላል፤ ብዙ ሰው ከዚያ ተምሯል፣ እንጀራም በልቶበታል። ሕጉ ለማሽን ትክክል ነው፤ ዛሬም አልለውጠውም። ቤቴንም ያስተዳደርኩት በዚሁ ሕግ ነበር። ልጆቼ በሥርዓት አደጉ፤ ማንም አይነቅፋቸውም።

ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ ነው። እሑድ እሑድ ይደውላል። ጤንነቴን ይጠይቃል፣ መድኃኒቴን መውሰዴን ያረጋግጣል፣ «ደህና ይዋሉ አባባ» ብሎ ይዘጋል። ካዘዝኩት አንዲት ቃል አጉድሎ አያውቅም፤ ጨምሮም አያውቅም። እኔ ግን ከዘጋ በኋላም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ትንሽ እቆያለሁ።