የወንፊት ስክሪን

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ወንፊት ናት። ስሙን ያወጣላት ጠራዡ ነው፤ መጽሐፍ የሚሰፋ፣ አፉ ከመርፌው የሚሾል ሰው። አንድ ጊዜ የታተመ ካርድ ሊቆርጥ ማሽኑን ሲያስነሳ፣ ወንፊት ሮጣ መጥታ "ቁም! እዚህ ጋ አንዲት ነጥብ ቀርታለች" አለችው። እሱም "ኧረ አንቺ ሴትዮ ሰው አይደለሽም፣ ወንፊት ነሽ!" አላት። "ዓይንህ ላፈር!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ይኸው ሆኖ ቀረ።

ሥራዋ የኮምፒውተር ጸሐፊነት ነው። ሰው በእጁ ጫጭሮ ያመጣውን ትጽፋለች፣ የተጻፈውን ታርማለች። ማሽኑን ከልጇ ጋር ነው የምትካፈለው፤ ጠዋት እናት ትጽፍበታለች፣ ከሰዓት በኋላ ልጅ ፎቶና ሥዕል ታቀናብርበታለች። ልጇን ሚጡ ነው የምትላት። ሚጡ አድጋ እናቷን በራስ ብትበልጣትም ስሙ አብሯት አላደገም።

የዓይኗ ነገር የጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ፊደሉ አቧራ የነካው መሰላትና ስክሪኑን በሻርፗ ጫፍ ወለወለችው። በማግስቱም ወለወለችው። ከዚያ ጥፋቱን መነጽሯ ላይ ጣለችና ቀየረችው፤ አዲሱም ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ብቻዋን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ዓይኗን በመብራት ሲመረምር ቆይቶ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

"እናቴ፣ ችግሩ ከዓይን በስተጀርባ ያለው ነርቭ ነው። መነጽር አይመልሰውም። የሄደው ሄዷል፤ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ ልነግርዎት አልችልም። በሚቀጥለው ሲመጡ የቤተሰብ ሰው ይዘው ይምጡ።"

"እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችና ወጣች። ማንንም ይዛ አልሄደችም።

ለምን ብትሉ፣ ሚጡ ናት ምክንያቱ። ይቺ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አገር ሄዳ ሥዕል መማር ነበር ሕልሟ። ትምህርት ቤቱ አንድ ጊዜ ተቀብሏት ነበር። ልትሄድ ሻንጣዋን ስትሸክፍ አባቷ አልጋ ላይ ወደቀ። ልብሷን ከሻንጣ አውጥታ መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችና እሱን ታጥብ፣ ታጎርስ፣ ታገላብጥ ጀመር። አባቷን እስኪሸኙት ድረስ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይኸው አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጠራት። ወንፊት ልጇን ታውቃታለች፤ ስለ ዓይኗ አንድ ነገር ብትሰማ ያ ሻንጣ እንደገና ይራገፋል። "አባቷን አስታማ ሳታበቃ እኔን ልትመራኝ ነው?" አለች ለራሷ። "የለም! እሷ እስክትሄድ ዓይኔ ደህና ነው።"

ይሄን ሰምቶ ሞኝ ናት የሚል ይኖራል። ይበል! ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው አይልም።

ሪዞሉሽን የሚሉትን ነገር ያወቀችው በአጋጣሚ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ጥገና ሄዶ ሲመለስ ፊደሉ ሁሉ ተልቆ መጣ። ወንፊት በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሚጡ ግን "ወይ ጉድ! ምን አድርገው ነው የመለሱት?" ብላ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አድርጋ ወደ ቀድሞው መለሰችው። እናት ከጀርባዋ ቆማ የት የት እንደነካች በልቧ ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስክሪን ማለት የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። ነጠብጣቡ ሲበዛ ሥዕሉ ይጠራል፣ ፊደሉ ግን ያንሳል። ነጠብጣቡ ሲቀንስ ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። ሚጡ የምትፈልገው ስክሪኑ የተሠራበትን ልክ ነው፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ በአንድ ሺህ ሰማንያ። ወንፊት ከዚያ አንድ ደረጃ ወረደች። ተመቻት። ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ደረጃ ወረደች። እያለች እያለች ከሁሉም መጨረሻ፣ ስምንት መቶ በስድስት መቶ ላይ ደረሰች። ከዚያ በታች መውረጃ የለም። ጠዋት ታወርደዋለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ ከመምጣቷ በፊት ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

አንዳንዴ ግን ትረሳዋለች። ያን ጊዜ ጭቅጭቅ ነው።

"እማዬ! ይሄን ስክሪን አሁንም ነካካሽው?"

"እንዲህ ሲሆን ለዓይን ይመቻል አሉ።"

"እነማን ናቸው ያሉት? ጭጋግ እኮ ነው የሚመስለው! ደግሞ ይሄ ስክሪን ሰፊ ነው፤ ስምንት መቶ በስድስት መቶ ስታደርጊው ለመሙላት ሁሉን ነገር ወደ ጎን ይለጥጠዋል። እዪው፣ ሰው ሁሉ ወፍሯል!"

"ቢወፍር ምን አለበት፣ ምቾት ነው" ትላለች እናት። ልጅ ትስቅና መልሳ ታስተካክለዋለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የወንፊት ውሸት ግን እያደር ይከብዳት ነበር።

የፎቶው ጉድ የመጣው ሚጡ ለጉዞዋ ወረቀት ልታስጨርስ በቀረችበት ቀን ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከአባቱ የወረሰው ጎልማሳ ነው፤ አንድ ፎቶ ይዞ እየተጣደፈ መጣ።

"እትዬ ወንፊት፣ ይሄ የመታሰቢያ ካርድ ነው፤ ለነገ ይደርሳል ብያለሁ። ሚጡ የለችም፣ እርስዎ ይሞክሩት።"

አይሆንልኝም ብትል "ለምን?" ሊመጣ ነው። ተቀበለችው። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የሟቹ ፊት እንደ ድፎ ተዘርግቷል። "እንዴት ያለ ሰው ነው ይሄን ያነሳው!" አለችና ሥዕሉን ከግራና ከቀኝ እየገፋች የሰው ፊት እስኪመስላት ድረስ አጠበበችው። የለጠጠው የራሷ ስክሪን መሆኑ ትዝ አላላትም። ደህና የነበረውን ፊት ነው ያጠበበችው። ከታተመ በኋላ ካርዱን አየችው፤ ግን በዚያን ጊዜ ካርድ ማየት ለሷ ነጭና ጥቁር ማየት ብቻ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ የሟቹ ሚስት መጣች። አልጮኸችም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ዳሰሰችው። የሟቹ ጉንጭ ሟሙቷል፣ ፊቱ እንደ ክር ቀጥኗል፣ አንገቱ የሕፃን ክንድ አክሏል።

"በሽታው ያከሳው አንሶ እናንተ ደግሞ አከሳችሁት?" አለች። "እኔ ወፍራሙን ነበር የሰጠኋችሁ። ከመታመሙ በፊት የነበረውን።"

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወደ ሚጡ ዞሮ "ፎቶ ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?" ሲል ወንፊት ከወንበሯ ተነሳች። "እሷ አልነበረችም። እኔ ነኝ" አለች። በደህናው ጊዜ ቢሆን "እኔ እንዲህ አድርጌ እንደሆን ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብላ ትምል ነበር። መማል ከተወች ግን ቆይታለች።

ሚጡ ካርዱን አንስታ አንድ ጊዜ ስታየው ገባት። ሰው ፊት መሆኗንም ረሳች።

"እማዬ! ስንቴ ነገርኩሽ? በገዛ ግትርነትሽ የሰው ኀዘን ላይ ኀዘን ጨመርሽ! ካሁን በኋላ ይሄን ስክሪን ሁለተኛ እንዳትነኪው!"

ወንፊት አንገቷን ደፋች። የሴትዮዋ ነገር አንጀቷን በላው፤ ያንን ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። ልጇ ግትር ማለቷ ግን፣ ታምናላችሁ፣ ደስ አላት። ግትር መባል ምን አላት! ግትር ሴትን ትቶ መሄድ ይቻላል። ሚጡ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቃ ካርዱን እንደገና አሳተመችላት፤ ሰውየው ሥጋው ተመልሶለት ከነሙሉ ጉንጩ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ወንፊት ስክሪኑን መንካት ፈራች። ሌላ ሰው እንዳላከሳ ብላ። በሚጡ ልክ ደግሞ ፊደሉ ለሷ የፈሰሰ ዱቄት ነው። ምን ይሻላል? ጠራዡን ጠራችው። "እጄ ዛሬ ዛሬ ከዓይኔ ቀድሟል፤ ጽሑፉን አንብብልኝና ልጻፈው።" የቁልፎቹን ቦታ ጣቶቿ ያውቁታል። እሱ ወረቀቱን እያነበበ፣ እሷ እየጻፈች፣ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሆነ። የተጻፈውንም መልሶ ያነብላታል። ቀልደኛው ሰው መቀለድ ተወ።

አንድ ጠዋት ማንበቡን አቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄን" አላት። "ለልጅቷ ንገሪያት።"

"በቁሜ ልትቀብረኝ ካልሆነ ዝም በል።"

"ኋላ ስትሰማ ምን የምትል ይመስልሻል?"

"ኋላ ሄዳለች። ሄዳ ትስማ። አንብብ አሁን።" እሱም ቀጠለ። አንዱን መስመር ግን ሁለት ጊዜ አነበበው።

የጉዞው ዋዜማ ደረሰ። ሚጡ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን አጠናቃ፣ መሳቢያዋን አጽድታ፣ እናቷን እጇን ይዛ ወደ ማሽኑ ወሰደቻትና ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ወንፊት ከልጇ ፀጉር የሳሙና ሽታ ሸተታት።

"እማዬ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ስለጮህኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስከዛሬ ከነከነኝ። ምቾት ነው ስትዪኝ አንድ ቀን እንኳ ምኑ እንደሚመችሽ አልጠየቅኩሽም። ዛሬ ከመሄዴ በፊት የሚመችሽን አብረን እንመርጣለን፤ ፊት የማይለጥጡትን ብቻ አንድ በአንድ አሳይሻለሁ። ትክክለኛው ላይ ስደርስ በቃ በዪኝ። እሺ?"

"እሺ ዓለሜ።"

ማውሱ ቀጭ አለ። "ይሄስ?"

"ትንሽ ያንሳል" አለች ወንፊት።

ቀጭ። "ይሄስ?"

"ይሄ ይሻላል። ግን… ቀጥዪ እስቲ።" ስክሪኑ ላይ የሚታያት ነገር አልነበረም። ከጀርባቸው ካለው መስኮት የሚገባው ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ በዚያች በቀረቻት ጭላንጭል ሁሉም ያው አንድ ግራጫ ነው። የምትመልሰው የማውሱን ድምፅ እየሰማች ነበር። እንዳትጠረጥር ቶሎ አልመለሰችም፣ ብዙም አልዘገየችም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደፊት ዘንበል አለች። ልጇ አጠገቧ ተንበርክካ ትስቃለች፣ "ምርጫሽ ከሙሽራ ልብስ ባሰ!" እያለች ትቀልድባታለች። ወንፊት ይሄን ሳቅ በልቧ ስታጠራቅም፣ እዚህ ላይ ላብቃው፣ በደስታ ትሂድልኝ ብላ ወሰነች።

ማውሱ ቀጭ አለ። ሚጡ ገና "ይሄስ?" አላለችም።

"ይሄ!" አለች ወንፊት በጭብጨባ። "ይሄ ነው! ወለል ብሎ ነው የታየኝ፣ እያንዳንዷ ፊደል! እዚሁ ላይ ተይው ልጄ፤ ይሄ ተመችቶኛል።"

ልጇ ማውሱን ለቀቀችው።

"እማዬ" አለች ሚጡ። "ስክሪኑ እኮ ጥቁር ነው። ልኩ ሲቀየር ለጥቂት ጊዜ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ገና አልበራም።"

ወንፊት ክው አለች። "አ… አዎ፣ ቀልዴን እኮ ነው" አለች። ሚጡ ብድግ ብላ የእናቷን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ብርሃኑ ውስጥ ቆማ ቁልቁል ዓይኗን አየቻት። ዓይኖቹ የሚጡን ፊት ስተው ትከሻዋ ላይ አረፉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ወንፊት የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ፊደሉን ያተለቅሽው… ለዚህ ነበር? በየቀኑ እኮ መልሼ አሳንስብሽ ነበር! በየቀኑ እየሳቅሁ!" ቁና ቁና እየተነፈሰች ማልቀስ ጀመረች።

"አንቺ ምን አጠፋሽ፣ የኔ እናት? የደበቅሁሽ እኔ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣ ግን ሂጂልኝ። አንዴ በአባትሽ ምክንያት ቀርተሻል፤ አሁን በኔ ብትቀሪ የቀረው ሕይወቴ ይመረኛል። አልለመነችኝም አትበዪ፤ ይኸው እየለመንኩሽ ነው። ነገ ትሄጃለሽ አይደል?"

ከፊቷ፣ መስኮቱ ላይ፣ የልጇ ራስ ጥላ ተነቃነቀ። ወንፊት አንገቷን አስግጋ፣ ያላትን ዓይን ሁሉ አሰባስባ አየች፤ ጥላው አሁንም ተነቃነቀ።

"በአፍሽ ንገሪኝ ልጄ" አለች፤ "እሺ ነው ያልሽኝ፣ እምቢ?"