የቀባሁት የካሴት ጌም

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካልኝ ሲቀር፣ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አቃቂ በሰቃ ወዳለችው የጌም መጠገኛ ሱቁ ወሰደኝ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ጌምና ካቻቢቴ ሰጠኝና «ፈተህ መልሰህ ግጠም» አለኝ። ፈታሁ። ገጠምኩ። ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ብሎን የሚቆጥብ አሠራር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ያኔ የካሴት ጌም የሚፈልግ አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ ሲዲው ዞሯል። ልዋጭ ባዮች አሮጌውን በፕላስቲክ ሳፋ እየለወጡ ከየቤቱ ይሰበስቡና ለደረጀ ያመጡለታል። እሱ የካሴቱን ጥርስ በአልኮል ይጠርጋል፣ የተነቀለውን ሽቦ ይበይዳል፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል።

«ሳፋው ይሻል ነበር፤ ልብስ ይታጠብበታል» እለዋለሁ።

«ሳቅ አንተ። አንድ ቀን ይፈልጉታል።»

ፈለጉት። በካሴት ጌም ያደጉት ልጆች ደመወዝተኛ ሆኑ። ዋጋው በየበዓሉ ይጨምር ጀመር፤ በኋላ አንድ የሚሠራ ጌም የፋሲካ በግ ዋጋ አወጣ። ደረጀ ግን ይህን ብዙም አላየም። ታመመ፤ በሦስተኛው ወር አረፈ።

ከአርባው በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። እናቴ «እስከ ገና አይሃለሁ። ካልሆነልህ ቁልፉን ለአከራዩ እመልሳለሁ» አለችኝ።

ተስፋዬ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚመጣው የደረጀ ደንበኛ ነበር። ኢንጂነር ነው የምንለው። የደረጀን የራሱን ጌም፣ እኔና እሱ የተጫወትንበትን፣ መስኮት ላይ አይቶ ጥሩ ዋጋ ጠራና «ቅዳሜ እወስደዋለሁ» አለ።

ፕላስቲኩ በዕድሜ ቢጫ ሆኗል። አሰብኩ። ቢጫው ይህን ካወጣ፣ ነጩ ስንት ሊያወጣ ነው? በእኛ ሰፈር የሚሸጥ መኪና ሁሉ መጀመሪያ ይቀባል። ጎረቤት ጋራዥ ወስጄ በመኪና ቀለም አስረጨሁት። እንደ ፍሪጅ አበራ። ቀለሙ አልቆ ጆይስቲኩ ሳይቀባ በመቅረቱ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ኢንጂነር መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሳደስኩት።»

«ቢኒ፣ አዲስ ብፈልግ መርካቶ አልሄድም? ያደግኩበትን መልክ ነው የምገዛው!» ጆይስቲኩን አነሳ። «ይሄ ቁልፍ ምን ሆኖ ጎደጎደ?»

«የደረጀ አውራ ጣት ነው።»

የተቀባውን ጌም ወደ እኔ ገፋው። «በቃ፣ ይህን ብቻ በጌሙ ሙሉ ዋጋ ስጠኝ» አለኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ብሩን ልቀበል ነበር፤ እጄ ግን ጆይስቲኩን ይዞ ተመለሰ።

«እሱ አይሸጥም።»

«ታዲያ መስኮት ላይ ምን ይሠራል?»

ኢንጂነር እየሳቀ ሌላ፣ ያልተቀባ ጌም ገዝቶ ሄደ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጆይስቲኩን ተቀብላ አገላበጠችው፤ አውራ ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈች። «ነጋዴስ አይወጣህም» አለች። ገና መጣና አለፈ፤ ቁልፉን ለአከራዩ አልመለሰችም።

አሮጌ ጌም ይጠረጋል እንጂ አይቀባም። የማይሸጥ ዕቃ መስኮት ላይ አይቀመጥም።