ሱዳናዊቷ ፀጉሯን ልትቆረጥ የመጣች ዕለት

ኔትወርክ የተዘጋ ጊዜ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ልጇ ዐረብ አገር የሄደችባት የባሕር ዳር እናት ሁሉ እኩል ነበርን። አንዳችንም በኢሞ የልጃችንን ፊት አናይም፤ "ምን ይደረግ፣ ኔትወርክ ነው" እንባባላለን፤ ቀኑ ይመሻል። ከዚያ ኔትወርኩ ተመለሰ። የጎረቤቴ ልጅ ደወለች። ጎመን የምትሸጥልን ሴትዮ ልጅ ደወለች። ከመራዊ መጥታ እኛ ግቢ የተከራየችው ሴት ልጅ እንኳ ደወለች። የኔ አልደወለችም።

የራሷ ስልክ ዝግ ነው። የምትሠራበት ቤት የማዳሟ ቁጥር ግን ስልኬ ላይ አለ። እደውላለሁ፤ ማዳሟ ታነሣለች፤ የልጄን ስም እጠራላታለሁ፤ በዐረብኛ አንድ ነገር ተናግራ ትዘጋዋለች። ያ ነገር "ታማለች" ይሁን፣ "ወጣ ብላለች" ይሁን፣ ሌላም ይሁን አላውቅም። ድምፁን በልቤ ሳመላልሰው እውላለሁ። የላካት ደላላ እንደሆነ ስልኩን ቀይሯል።

ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከዚያ የተመለሱ ልጆች ሰፈሩን ሞልተውታል፤ ከምሠራበት ጎን ሱቅ ያላቸው የወረታ ነጋዴ ሚስትም ይችላሉ። ግን ፈራሁ። የሚያውቀኝ ሰው ክፉ ወሬ ከሰማልኝ በማግሥቱ ደጄ ላይ ድንኳን ይተከላል። ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ቆየሁ።

ሥራዬ ፀጉር ነው። ፋሲሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ፀጉር ቤት ሹሩባ እሠራለሁ። የቤቱ ባለቤት ለልጅነት የምትበቃኝ ወጣት ናት፤ "እትየ" ትለኛለች። ቀለሙና ፀጉር ማድረቂያው ካስክ የሷ ነው፣ ጉንጉኑ የኔ። በዚያ ሰሞን ከወዲያ ማዶ ተኩስ በተሰማ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርገን ከመስታወቱ ራቅ እንላለን፤ ጋብ ሲል ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት አበባ ባለበት ቶብ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላ ገባች። ሱዳናዊት መሆኗን ሳትናገር ዐወቅን፤ ጦርነቱን ሸሽተው በመተማ ገብተው እኛ ዘንድ ቤት የተከራዩ ብዙ ናቸው። መተማ ሳለች የለቃቀመቻት አማርኛ ነበረቻት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ቶቡን ከራሷ አወረደች። ፀጉሯ ረዥም ነው፣ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ጣት አያስገባም። በሁለት ጣቷ መቀስ ሠርታ ከሥሩ አሳየችን።

"ሁሉ" አለች። "ሁሉ ቁረጭ።"

እኛ አገር ሴት እንዲያ ያለ ፀጉር ከሥሩ የምታስወርደው ሰው ሲሞትባት ነው። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ተላጭቻለሁ። ሌላ ምክንያት ለማናችንም አልመጣልንም፤ በዚያ ላይ ከጦርነት አገር የመጣች ሴት ናት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ዘፈኑን አጠፋች። ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛ ሳትቀር ተነሣች። በተራ እየቀረብን እግዜር ያጥናሽ አልናት። እኔማ ሆዴ ሞልቶ የከረመ ስለሆነ አንገቷን አቅፌ አለቀስሁ።

ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ ሰው አልሞተባትም። ባሏ ካርቱም ቀርቷል፤ ድምፁን ከሰማች ቆይታለች። የማያውቋት ሴቶች ብድግ ብለው ሲያለቅሱላት እሷ ያልሰማችውን መርዶ እኛ የሰማን መሰላት። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ማን ነገረ?" አለች። "ባሌ ነው? ማን ነገረ?"

ለማስረዳት ብዙ ደከምን። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ፀጉሯን የምትቆርጥ መሰለች፣ ከዚያ ደረቷን ደቃች፣ ከዚያ እንደሞተ ሰው ዐይኗን ጨፈነች፤ በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ ጭራሽ ባሰባት። የኋላ ኋላ ገባት። ውኃ በሌለበት ከርማ ፀጉሯ አልበጠር ስላላትና ራሷን ስለበላት ብቻ ነበር የመጣችው። ካስክ ሥር የነበረችው ሴት፣ አፏ አያርፍም፣ እንግዲህ ሰውየውን በቁሙ አልቅሰንለታል፣ የቀረው ተዝካሩ ነው አለች። ሴትዮዋም ነገሩ ሲገባት ፈገግ አለች። እጇ ግን ክንዴን አልለቀቀም።

እንዳትቆረጠው ለመንኋት። ዘይት ለቀለቅሁትና ከጫፉ ጀምሬ በሚዶ እፈታው ጀመር። ሥራው ረዘመ። ደንበኛዋ ወጣች፤ የቤቱ ባለቤት ለምሳ ሄደች። ያኔ ይቺ ሴት እኛ ሰፈር አንድም የምታውቀው ሰው የላትም አልሁ በልቤ። የሰማችውን ብትሰማ ድንኳን የሚተክልብኝ አታገኝም። ስልኩን አወጣሁና በምትሰማው አማርኛ ነገርኋት። ልጄ ናት፣ ድምጿ ጠፋብኝ፣ ደኅና መሆኗን ብቻ ጠይቂልኝ።

በዐረብኛ ስታወራ ፊቷን በመስታወቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ ለስለስ አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ሰማች፤ ከዚያ ጠንከር ብላ አንድ ሁለት ቃል ተናገረች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ከቤት ወጣች" አለች። "ጠፍታ። ብዙ ወር። ማዳም ተቆጣ፤ አትደውሉ አለ።"

ተቀመጥሁ። በሕይወት አለች ማለት ነው ብዬ ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ፣ አላወቅሁም። ከዚያ የተመለሱት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ከአሠሪዋ ጠፍታ የወጣች ልጅ ፓስፖርቷ እዚያው ይቀራል፣ ፖሊስ ትፈራለች፣ ስሟንም ትቀይራለች። በማን ስም ልፈልጋት ነው?

ሴትዮዋ ግን አልተወችኝም። ልጄ ትሠራበት በነበረው ከተማ የአክስቷ ልጅ አለች። የእናንተ አገር ልጆች ዓርብ ዓርብ ፀጉር ቤት ይሰበሰባሉ አለችኝ፤ ቋንቋቸውን የሚሰሙት እዚያ ነው፣ የጠፉትም ቢሆኑ መምጣታቸው አይቀርም። የአክስቷን ልጅ ደውላ ለመነችልኝ። ያቺም እንደ ደንበኛ ገብታ ልትቀመጥ ቃል ገባች። ከዚያ ወዲያ ዓርብ በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር እየተገናኘን ስልክ እንጠብቃለን። የዘጌ ጀልባዎች የሚሳፈር አጥተው ታስረው ይውላሉ። እሷ የባሏን፣ እኔ የልጄን፤ ሁለታችንም አንዱን ስልክ እናያለን።

ከዕለታት አንድ ዓርብ ፎቶ መጣ። ከኋላ የተነሣ ነው፤ ልጆቹ ፊታቸው እንዲነሣ አይፈቅዱም። አንዲት ቀጭን ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መስታወቱን የሠሪዋ ሰውነት ከልሎታል። ቀይ ሰው ሠራሽ ፀጉር እየቀጠሉ ይጎነጉኑላታል፤ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ ገና ነው። የአክስቷን ልጅ ከጣና አካባቢ ናት ብለዋታል፣ ስሟን ግን የሚናገር የለም።

ያን ራስ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እንኳን በፎቶ በጨለማም ዳብሼ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ፀጉሯን ያ ቀይ ፀጉር ሸፍኖታል። ማጅራቷ ላይ በልጅነቷ የፈላ ውኃ የነካት ጠባሳ አለ፤ እዚያ ላይ ፎጣ ጠምጥመውባታል። ስልኩን አጎላሁት፤ ባጎላሁት ቁጥር ደበዘዘብኝ። ትከሻዋ የሷ ነው ስል ይቀጥንብኛል፤ ከስታ ይሆናል እላለሁ። ጆሮዋ የሷ ነው ስል ጉትቻው አዲስ ነው።

የአክስቷ ልጅ አሁን እዚያው ተቀምጣ መልስ ትጠብቃለች አለችኝ ሴትዮዋ። ልጄ ካልሆነች ዝም ብላ ትወጣለች። ከሆነች በስሟ ትጠራታለች። ግን ሳትሆን ብትጠራት ማዳሟ የላከቻት ሰላይ መስላት ልጅቱ ትደነግጣለች፤ የአክስቷን ልጅም ሁለተኛ እዚያ ቤት የሚያስገባት የለም።

"እናቴ፣ እሷ ናት?" አለችኝ።

"እሷ ናት" አልሁ። "ስሟን ትጥራት።"

እርግጠኛ አልነበርሁም። አይደለችም ብል ግን ሌላ የማየው ጀርባ የለኝም።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ከወዲያ የአክስቷ ልጅ ስትቻኮል እኔም ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። የአክስቷ ልጅ የልጄን ስም ስትጠራ ልጅቱ ዞራ አላየቻትም። ተነሣች፤ ፎጣው ካንገቷ ሳይወርድ ጥቁር ልብሷን ከራሷ ላይ ስባ በጓሮ በር ወጣች። የቀሩት ሴቶች ማን ላከሽ ብለው የአክስቷን ልጅ እየገፉ አስወጧት። ሁለተኛ አልሄድም ብላለች፤ እውነቷን ነው።

ዞራ ብታያት ኖሮ ምን ዐይነት ዐይን እንዳላት እጠይቃት ነበር። ስሟን ሰምታ ደነገጠች ወይስ የማታውቀው ሰው ስላናገራት፣ የአክስቷ ልጅም መለየት አልቻለችም።

ሱዳናዊቷ አሁንም ትመጣለች፤ ባሏ አልደወለም። ራሷን ሳጥብላት ስለዚያች ልጅ አናነሣም። እኔ ግን አስባታለሁ። ግማሹ የተጎነጎነ ግማሹ ልቅ የሆነ ራስ ከሻሽ ሥር ያሳክካል፣ ይጎትታል፣ አያስተኛም። ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት፤ ያን ደግሞ ሰው ለራሱ አይሠራውም። አንዷ ሹሩባ ሠሪ ዘንድ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ ይኖርባታል።